ሽክ ያለ ባል ወንድነቱ ይቀንሳል?

በክሊኒካችን ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ተራችሁን በምትጠብቁበት ጊዜ ዙሪያችሁን ብትመለከቱ አንድ ነገር ሳትታዘቡ አትቀሩም። ከተቀመጡት ሰዎች መካከል አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ባሎች ጥቂት ናቸው፤ ከመጡትም መካከል አንዳንዶቹ ከግቢው በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ለምን ይመስላችኋል? «ሥራ ስለሚበዛባቸው ነው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰጣል። እውነትነት አለው። ነገር ግን ከሥራው በስተጀርባ ሌላ ምክንያትም አለ። እርሱም «ወንድ ሆኖ እዚህ ምን ይሠራል?» መባልን መፍራት ነው።

ይህ ፍርሃት የሚጀምረው ከክሊኒክ ሳይሆን ከቤት፣ ከሰፈርና ከመሥሪያ ቤት ነው። ሸሚዙን ራሱ የሚተኩስ፣ ጫማው አቧራ ሲነካው የማይወድ፣ ሽቶ የሚቀባ፣ ከፀጉር ቤት የማይጠፋ ወንድ ወዲያውኑ ስም ይወጣለታል። አንዱ «ሴታሴት ነው» ይለዋል። ሌላው «ውጪ የለመደባት አለች» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነገሩ ሌላ ሳይሆን አይቀርም» ይላል። ለመሆኑ የሰው ልብስና ሽቶ ስለ ወንድነቱ የሚነግረን ነገር አለ? በዚህ እትማችን የምንመለከተው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

እኔም ከሳቁት አንዷ ነበርኩ

ሌላውን ከመምከሬ በፊት የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ጤና ጣቢያ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ባልና ሚስት ለእርግዝና ክትትል መጡ። ባልየው ነጭ ሸሚዙ በሚገባ የተተኮሰ፣ ጢሙ የተስተካከለ፣ ጥፍሩ የተከረከመ ሲሆን ሽቶው ከበሩ ጀምሮ ያውድ ነበር። የሚስቱን ቦርሳ በትከሻው አንግቶ፣ ካርዷን በእጁ ይዞ ከጎኗ ተቀመጠ። እኛ ነርሶቹ ተያየን። አንዷ ባልደረባዬ «ነፍሰ ጡሯ የትኛዋ ናት?» ስትል ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ሰውየው ሰምቷል፤ አንገቱን ደፋ።

በሚቀጥሉት ሦስት ቀጠሮዎች ሴትየዋ ብቻዋን መጣች። ስለ ባሏ ስጠይቃት «ሥራ በዝቶበት ነው» አለችኝ። በእርግዝና ጊዜ ስለሚታዩ አደገኛ ምልክቶች ያስተማርናት እርሱ በሌለበት ነበር። በስምንተኛው ወር ከባድ ራስ ምታት ያዛት፤ ዓይኗን ብዥ ይላት፣ ፊቷና እጇም ያብጥ ጀመር። እርሷ «ድካም ነው» አለች፤ ባሏም አመናት። ከሦስት ቀን በኋላ ሲመጡ የደም ግፊቷ እጅግ ከፍ ብሎ ስለነበር በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላክናት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ተረፉ።

ባልየው በዚያን ዕለት የነገረኝን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ሲስተር፣ አብሬያት ገብቼ ተምሬ ቢሆን ኖሮ ራስ ምታቱ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ግን ተመልሼ ለመምጣት አፈርኩ» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱም በጨዋነት ተቀበለኝ። ሆኖም ያቺ የአንድ አፍታ ሳቅ ሚስቱን ለመንከባከብ የመጣ ባል ከበር እንዲመለስ አድርጋለች። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ሙሽራው ሲያጌጥ ማን ሳቀ?

እስቲ የሠርጋችሁን ቀን አስታውሱ። ሙሽራው ከማለዳ ጀምሮ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ አዲስ ሱፍ ለብሶ ነበር። ሚዜዎቹ ሽቶ ይረጩበት ነበር። ማታ ወይም በመልሱ ቀን ደግሞ ካባ ደርቦ ታይቷል። በዚያን ዕለት «ወንድነቱ ጎደለ» ያለ ሰው አለ? የለም። ሁሉም «አምሮበታል» ነው ያለው። ታዲያ በሠርጉ ቀን ያማረበት ነገር ከዓመት በኋላ እንዴት ነውር ሊሆን ቻለ?

በሌላ በኩል ሚስትን ተመልከቱ። «ለባልሽ አጊጪ፣ ፀጉርሽን ተሠሪ፣ ወይባ ሙቂ» እየተባለች ትመከራለች። ይህ መልካም ምክር ነው። ባልስ? «ወንድ ምን ያደርግለታል?» ይባላል። እኔ ጋ ለምክር የሚመጡ ሚስቶች ግን ሌላ ነገር ይነግሩኛል። ባሎቻቸው ሳይታጠቡ፣ ጥርሳቸውን ሳይፍቁ ወደ አልጋ ሲመጡ እንደሚከፋቸው፣ ይህን ለመናገር ግን እንደሚያፍሩ ያጫውቱኛል። ንጽሕና ለወንድም ለሴትም የመከባበር ምልክት ነው።

በአባቶቻችንም ዘንድ የነበረ ነው

አንዳንድ ሰዎች «የወንድ ማጌጥ ዘመን አመጣሽ ነው» ይላሉ። ታሪካችን ግን ይህን አይልም። ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ቴዎድሮስ በሁላችንም ዘንድ የሚታወቁት ሹሩባ ተሠርተው ነው። በጀግንነታቸው የሚጠራጠር የለም። በቀድሞ ዘመን ዝሆን የገደለ አዳኝ የወርቅ ጉትቻ በጆሮው ላይ ያደርግ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመቱት መኳንንትና ጦረኞች ለምድና የአንበሳ ጎፈር ያጌጡ ነበሩ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል የተዋደቁት አርበኞች ፀጉራቸውን አጎፍረው ይታዩ ነበር።

በሌሎች ሕዝቦቻችንም ዘንድ እንዲሁ ነው። የአፋር ወጣት ወንድ ፀጉሩን ቅቤ ቀብቶ ያሳምራል። በሐመር ወንዶች ዘንድ በሸክላ አፈር የሚሠራ የፀጉር አሠራር የጀግንነት ምልክት ሆኖ ኖሯል። ለሴቶች የሚሆነውን ባለ ጥበብ ቀሚስ የሚሸምነውም አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ሸማኔ ነው፤ ስለ ቀለምና ስለ ጥለት ማወቁ ወንድነቱን አልቀነሰበትም። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በከተሞቻችን ቤልቦተም ሱሪ ለብሰው፣ አፍሮ አበጥረው ይዞሩ የነበሩ ወጣቶችም ከሽማግሌዎች ብዙ ነቀፌታ ደርሶባቸዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል።

ከዚህ የምንረዳው ለወንድ የሚገባ አለባበስ የሚባለው ነገር እንደ ዘመኑና እንደ አካባቢው የሚለዋወጥ መሆኑን ነው። ተፈጥሮ የደነገገችው ሳይሆን ሰው የተስማማበት ልማድ ነው።

ወንድነት በአካል ውስጥ የሚሠራው እንዴት ነው?

ወንድ ልጅ በጉርምስና ዕድሜው ድምፁ የሚጎረንነው፣ ጢም የሚያበቅለውና የፆታ ስሜቱ የሚነቃው ቴስቶስቴሮን በተባለ ሆርሞን አማካይነት ነው። ይህ ሆርሞን በዋነኛነት የሚመነጨው በዘር ፍሬዎች (በቆለጥ) ውስጥ ሲሆን በደም አማካይነት በመላ አካላት ይዘዋወራል። ሽቶ፣ ቅባት፣ ጥሩ ሸሚዝ ወይም የተከረከመ ጥፍር ይህን ሆርሞን አይጨምረውም፤ አይቀንሰውምም።

የጢም ብዛትና ማነስም ቢሆን በአመዛኙ ከዘር የሚወረስ ነው። ሁለት ወንዶች ተመሳሳይ የሆርሞን መጠን ኖሯቸው አንዱ ጢማም ሌላው ጢመ ስስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጢሙ የሳሳ ወንድ በአልጋ ላይ ደካማ ነው ማለት ስሕተት ነው።

ሦስቱ ጥርጣሬዎች

ሀ) «ይህ ሁሉ ማጌጥ ለሌላ ሴት ነው»

ይህ ከሚስቶች ብዙ ጊዜ የምሰማው ጥርጣሬ ነው። ባል አዲስ ሽቶ ገዝቶ ሲመጣ፣ «ለማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ነገር ግን ሰው ራሱን የሚጠብቅበት ምክንያት ብዙ ነው። የሥራ ቦታ ተለውጦበት ሊሆን ይችላል። ሽበት ማየት ጀምሮ ዕድሜው አሳስቦት ይሆናል። ከልጅነቱ ጀምሮ ጽዳት የሚወድ ሰውም አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሚስቱ ደስ ለማሰኘት የሚያጌጥ ባል አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው «ለማን ነው?» ሲባል ልቡ ይሰበራል።

ከዚህ በተቃራኒ ሌላ ሴት ጋ የሚሄድ ባል በቆሸሸ ሸሚዝም ይሄዳል። ስለዚህ ታማኝነት በልብስ አይለካም። በእውነት የሚያሳስብ ነገር ካለ በግልጽ መነጋገር፣ ሁለታችሁም አብራችሁ የኤች አይ ቪና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎች ምርመራ ማድረግ፣ ውጤቱ እስኪታወቅም ድረስ በኮንዶም መጠቀም ከጥርጣሬ የተሻለ መፍትሔ ነው። ምርመራው በሚስጥር ይጠበቃል።

ለ) «የሚያጌጥ ወንድ ስንፈተ ወሲብ አለበት»

ይህም መሠረት የለውም። የስንፈተ ወሲብ የታወቁት መንሥኤዎች ሌሎች ናቸው። እነርሱም የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት፣ የልብና የደም ሥር ሕመም፣ ሲጋራ፣ ከመጠን ያለፈ መጠጥ፣ ጭንቀትና ድባቴ እንዲሁም አንዳንድ መድኃኒቶች ናቸው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ስንፈተ ወሲብ አንዳንድ ጊዜ ያልታወቀ የስኳር ወይም የልብ ሕመም የመጀመሪያ ምልክት ይሆናል። «ወንድነቴ ጎደለ» ብሎ ተሸማቅቆ ቤት የሚቀመጥ ሰው ሊታከም የሚችል በሽታ ታቅፎ ይቀመጣል ማለት ነው። በሐፍረት ከመቆየት ይልቅ መመርመር ይሻላል። በየቦታው የሚሸጥ ኪኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መዋጥም፣ በተለይ የልብ ሕመም ላለበት ሰው፣ ለሕይወት ያሰጋል።

ሐ) «ወደ ወንድ የሚሳብ ነው»

በሹክሹክታ ብቻ የሚነገረው ይህ ስለሆነ በግልጽ ልናገረው። አንድ ሰው ወደ ማን እንደሚሳብ ከሽቶው፣ ከሱሪው፣ ከድምፁ ወይም ከአረማመዱ አይታወቅም። ሽክ የሚሉ ወንዶች ከሴት ጋር በፍቅር ኖረው ልጅ ያሳድጋሉ። ወደ ተመሳሳይ ፆታ ከሚሳቡት ሰዎች መካከልም ስለ ልብስ ምንም ደንታ የሌላቸው አሉ። ልብስ ይህን ስሜት አያመጣውም፤ ልብስ መቀየርም አይወስደውም። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ዝንባሌ ከበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው።

ስለዚህ በአለባበሱ ብቻ ሰውን እንዲህ ነው እያሉ ማማት ሐሰት ከመሆኑም በላይ ትዳር ያፈርሳል፤ ሰውን ከሥራው ያፈናቅላል፤ ለድብደባም ያጋልጣል። እኛ የጤና ባለሙያዎችም ብንሆን ወደ ክሊኒካችን የሚመጣን ማንኛውንም ሰው ማንነቱን ሳንመረምርና ሳንፈርድ በአክብሮት የማስተናገድ ግዴታ አለብን።

በእርግጥ ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች

ማጌጥ ወንድነትን አይጎዳም ስንል ጤናን የሚጎዳ ነገር የለም ማለታችን አይደለም። የሚከተሉትን ልብ በሉ።

1. ምላጭ፦ በአንድ ምላጭ መጋራት ሄፓታይተስ ቢን የመሰሉ በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን ሊያስተላልፍ ይችላል። ፀጉር ቤት ስትሄዱ አዲስ ምላጭ ከፊታችሁ እንዲከፈት ጠይቁ። ባልና ሚስትም ብትሆኑ ምላጫችሁ የየራሳችሁ ይሁን። ከተላጫችሁ በኋላ በአገጭና በአንገት ላይ ሽፍታ የሚወጣባችሁ ከሆነ ጥምዝ ፀጉር ወደ ቆዳ ተመልሶ ስለሚበቅል ነው፤ ከሥሩ ከመላጨት ይልቅ ትንሽ አስቀርቶ መቆረጥ ይረዳል።

2. የሚያነጡ ቅባቶች፦ ቆዳን ያነጣሉ ተብለው ከሚሸጡት መካከል ሜርኩሪ ወይም ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒት ያለባቸው አሉ። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል። ባል የተቀባው ቅባት በንክኪ፣ በፎጣና በአንሶላ አማካይነት ነፍሰ ጡር ሚስቱንና ሕፃኑንም ሊነካ ይችላል። ለደረቀ ቆዳ ቫዝሊን ይበቃል።

3. የጡንቻ ማፈርጠሚያ መርፌና ኪኒን፦ «ወንዳ ወንድ» ለመምሰል ሲሉ በስፖርት ቤቶች አካባቢ የሚሸጡ ሆርሞኖችን የሚወስዱ ወጣቶች አሉ። ሆርሞኑ ከውጪ ሲገባ አካል የራሱን ማምረት ያቆማል። በዚህም ምክንያት የዘር ፍሬዎች ይኮማተራሉ፣ የወንድ ዘር ቁጥር በጣም ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ጡት ያበቅላል። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ይወስዳል። ልጅ አጥተው የሚጨነቁ ጥንዶች ይህን ለሐኪም ሳይደብቁ መናገር አለባቸው። እንግዲህ አስተውሉ፤ ሽቶ የተቀባው ሰው ምንም አልሆነም። ወንድነትን በመርፌ የፈለገው ግን ያለውን አጣ።

4. በጣም የሚያጣብቅ ሱሪ፦ የዘር ፍሬዎች ከአካል ውጪ የተንጠለጠሉት ከሰውነት ሙቀት ዝቅ ያለ ሙቀት ስለሚያስፈልጋቸው ነው። ልጅ ለመውለድ የተቸገሩ ወንዶች ለቀቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ቢለብሱ ይመከራል። ነገር ግን ጠባብ ሱሪ እርግዝናን ይከላከላል ብሎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው።

የወንድነት ፍርሃትና የቤተሰብ ምጣኔ

ሽቶ እንዳይቀባ ወንዱን የሚያስፈራው ወሬ ከቤተሰብ ምጣኔም ያርቀዋል። ለምሳሌ የወንድ ቋሚ የወሊድ መከላከያን እንውሰድ። ብዙዎች እንደ መኮላሸት ይቆጥሩታል። አይደለም። በዚህ ቀላል ቀዶ ሕክምና የሚቆረጠው የወንድ ዘር የሚተላለፍበት ቀጭን ቱቦ ብቻ ነው። የዘር ፍሬዎች በቦታቸው ይቆያሉ፣ ቴስቶስቴሮን እንደ ወትሮው ይመረታል፣ ስሜትም ፈሳሽም አይቀርም። ሥራውን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚጀምረው ግን ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል። ከአባላዘር በሽታም አይከላከልም። ቋሚ ስለሆነም ልጅ በቃን ብላችሁ ለቆረጣችሁ ጥንዶች ብቻ የሚመከር ነው።

በ1994 እ.ኤ.አ. በካይሮ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የሕዝብና የልማት ጉባኤ ወንዶች በቤተሰብ ምጣኔና በልጅ አስተዳደግ ኃላፊነታቸውን እንዲካፈሉ አሳስቧል። ኃላፊነት የሚካፈለው ወንድ ግን ክሊኒክ ሲመጣ የሚሳቅበት ከሆነ በምን ፊቱ ይመጣል?

ለባልና ሚስት ምክር

ለሚስቶች፦ ባልሽ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ሲወጣ «ለማን ነው?» ከማለትሽ በፊት «አምሮብሃል» በይው። የሚያሳስብሽ ነገር ካለ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ በእርጋታ ጠይቂው። ቡና ላይ የጎረቤት ዳኝነት አትጠይቂ፤ ቡናው ሲያልቅ ወሬው አያልቅም።

ለባሎች፦ በድንገት ልማድህን ስትለውጥ ምክንያቱን ለሚስትህ ንገራት። ለልብስና ለሽቶ የምታወጣው ገንዘብም ከቤት አስቤዛ ላይ የሚቀነስ እንዳይሆን አብራችሁ ተመካከሩ። ራስህን መጠበቅህ መልካም ነው፤ እርሷም ራሷን የምትጠብቅበት ጊዜና ገንዘብ እንዲኖራት አስብ። ልጅ ያዝላት፣ ፀጉሯን ትሠራ።

ለሁለታችሁም፦ ወንድ ልጃችሁ መስታወት ፊት ሲቆም «እንደ ሴት!» ብላችሁ አታሸማቅቁት። በዚህ አነጋገር ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛ ንጽሕና ነውር እንደሆነ፣ ሁለተኛም ሴት መሆን ስድብ እንደሆነ። እኅቱ አጠገቡ ቆማ ትሰማለች።

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። ወንድነት የሚታወቀው ሚስትን በማክበር፣ ልጅን በማሳደግ፣ ሕመምን ሳይደብቁ በመታከምና በችግር ጊዜ ከጎን በመገኘት ነው። ያ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የሚስቱን ቦርሳ አንግቶ የመጣው ሰው ይህን ሁሉ ያሟላ ነበር፤ የጎደለን እኛ ነበርን።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብራችሁ ኑ። ባል ሆይ፣ ተተኩሶ የተሰቀለውን ሸሚዝህን ልበስ፤ ከፈለግህም ሽቶህን ተቀባ። ከበር ላይ አትቁም፤ ከሚስትህ ጎን ወንበር አለልህ። የሚስቅ ሰው ብታገኝ ለእኔ ንገረኝ።